ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርስ ጥላ፦ ከበርሊን ስቱዲዮ እስከ ሮክ መድረክና ቴሌቪዥን

ጥላን ለትርኢት ማዋል ከሲኒማ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በጃቫ ደሴት ዋያንግ ኩሊት የሚባለው ጨዋታ ከቆዳ ተፈልፍለው የተሠሩ አሻንጉሊቶችን በመብራትና በነጭ ጨርቅ መካከል ያመላልሳል፤ ከጨርቁ ወዲህ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ጥላቸውን ነው። ቻይና የራሷ የጥላ ቴአትር አላት። በኦቶማን ቱርክ ደግሞ ካራጎዝ የተባለው ምላሰ ረጅም ገጸ ባሕርይ በረመዳን ሌሊቶች ሕዝቡን ያስቅ ነበር። ጨዋታው ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፓሪስ ውስጥ «የቻይና ጥላዎች» በሚል ስም ገበያ አገኘ። በ1886 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሠዓሊው አንሪ ሪቪየር በሞንማርትር ሠፈር «ጥቁር ድመት» በተባለው የምሽት ክበብ፣ ከዚንክ ቆርቆሮ በተቆረጡ ምስሎች የጥላ ቴአትር ከፈተ። በዚያው ቤት ፒያኖ ይጫወቱ ከነበሩት አንዱ በኋላ ስሙ የገነነው ኤሪክ ሳቲ ነው። ጥላና ሙዚቃ ጭስና መጠጥ በሞላበት ክበብ ውስጥ እንዲህ ሲጣመሩ፣ ሮክ ለመወለድ ገና ሰባ ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር።

የሉሚዬር ወንድማማቾች ፊልማቸውን ለከፋይ ተመልካች ያቀረቡት በዚያችው በፓሪስ ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነበር። በተከታዩ ዓመት ሩሲያዊው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ትርኢቱን ተመልክቶ ለጋዜጣ ሲጽፍ፣ ወደ ጥላዎች መንግሥት ገብቶ የወጣ ያህል እንደተሰማው ገለጸ። ቀለምም ድምፅም የሌላቸው ሰዎች ሲስቁና ሲሯሯጡ ማየቱ አስጨንቆት ነበር። አዲስ አበባ ላይም የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ደራሲውና የአዲስ አበባ ሰው ሳይመካከሩ ከአንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል፦ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ነፍስ የሌለው ሰው ደግ ነገር አይመስልም።

የመጀመሪያዎቹ ፊልም ሠሪዎች ግን ጥላን አይፈልጉትም ነበር። የዘመኑ ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ ደካማ ስለነበር ደማቅ ፀሐይ ያስፈልገዋል። የኤዲሰን ሠራተኞች በ1893 ኒው ጀርዚ ውስጥ የሠሩት «ብላክ ማሪያ» የተባለው ስቱዲዮ ጣሪያው የሚከፈት፣ ቤቱም ራሱ ፀሐይን ተከትሎ በክብ ሐዲድ ላይ የሚዞር ነበር። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስም በ1897 ሞንትሮይ ላይ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት የሆነ ስቱዲዮ አስገነባ። ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ይገባል፤ ጥላ ከታየ የባለሙያው ጉድለት ነው።

ይህን ልማድ በአሜሪካ ቀድመው ከጣሱት አንዱ ሴሲል ደሚል ነው። በ1915 ከካሜራ ባለሙያው አልቪን ዋይኮፍ ጋር ሲሠራ የተዋናዮቹን ፊት ከአንድ ወገን ብቻ በፓውዛ አበራ። ደሚል ራሱ ደጋግሞ እንዳወጋው፣ የኩባንያው ሸሪክ ሳሙኤል ጎልድፊሽ (በኋላ ጎልድዊን የተባለው) ፊልሙን ሲያይ ደነገጠ፤ የተዋናዩን ግማሽ ፊት ብቻ ካሳየን ሲኒማ ቤቶች ግማሽ ዋጋ ነው የሚከፍሉን ብሎ ሠጋ። ደሚል ይህ የሬምብራንት አበራር ነው ብሎ መለሰለት፤ በሆላንዳዊው ሠዓሊ ስም ሥጋቱ ወደ መኩራሪያ ተለወጠ። በዚያው ዓመት በወጣው «ዘ ቺት» የተባለ ፊልም ጥላ በወረቀት ግድግዳ ላይና በእስር ቤት ፍርግርግ መካከል ታሪክ መናገር ጀመረ።

ጥላ ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ የሆነው ግን በጀርመን ነው። አንደኛውን የዓለም ጦርነት የተሸነፈችው አገር ገንዘብም፣ ኤሌክትሪክም፣ ቁሳቁስም አጥሯት ነበር። በ1920 የወጣው የሮበርት ዊነ «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ጥላውን በመብራት ፈንታ በቀለም ሠራው። ሄርማን ቫርም፣ ቫልተር ራይማንና ቫልተር ሮሪግ የተባሉት ባለሙያዎች በጨርቅና በካርቶን ግድግዳዎች ላይ ጨለማውንም ብርሃኑንም በብሩሽ ቀቡት። የግድያው ትዕይንት ግን ለመብራት ተተወ፤ ገዳዩም ተገዳዩም ግድግዳው ላይ በሚታገል ጥላ ብቻ ይታያሉ። ሳንሱር የማይፈቅደውን፣ በጀትም የማይችለውን ነገር ጥላ በነጻ እንደሚሠራው የፊልም ሰዎች የተማሩት እዚህ ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሙርናው «ኖስፌራቱ»ን አወጣ። ደም መጣጩን ኦርሎክን የተጫወተው ማክስ ሽሬክ፣ ካሜራውን የያዘው ፍሪትስ አርኖ ቫግነር ነው። ፊልሙ ሲያልቅ አካባቢ ኦርሎክ ኤለን ወደተባለችው ሴት ክፍል ሲወጣ ሰውየው በዓይን አይታይም፤ ጎባጣ ጀርባውና ረጃጅም ጥፍሮቹ በጥላ መልክ በደረጃው ግድግዳ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ የእጁ ጥላ በሴቲቱ ነጭ ልብስ ላይ ያልፍና ልቧ ላይ ሲደርስ ይጨበጣል፤ እሷም ትንፈራገጣለች። አሠራሩ ቀላል ነው። የብርሃኑ ምንጭ አንድና ትንሽ ሲሆን ጥላው ጠርዙ እንደ ተሳለ ሆኖ ይወጣል፤ መብራቱ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ሰውየው ሲጠጋው ደግሞ ጥላው ይገዝፋል። ተዋናዩ አንድ እርምጃ ወደ መብራቱ ሲቀርብ ጥላው በክንድ ይረዝማል። ማንም የትምህርት ቤት ልጅ በሻማ የሚሞክረው ነገር ነው፤ ሙርናውና ቫግነር የጨመሩበት ባለቤቱን ከሥዕሉ ማውጣትን ነው።

ፊልሙ ራሱ ለጥቂት ተረፈ። አዘጋጆቹ የብራም ስቶከርን የ1897 ልቦለድ «ድራኩላ»ን ያለ ፈቃድ ተጠቅመው ስም ብቻ ስለቀየሩ፣ የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰቻቸው። የጀርመን ፍርድ ቤት በ1925 ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲወድሙ ወሰነ። ወደ ሌሎች አገሮች የተላኩ ቅጂዎች ግን ከእሳቱ አመለጡ፤ ዛሬ የሚታየው ከእነዚያ የተገጣጠመው ነው።

ቫግነር ከጥላ ጋር የነበረው ጉዳይ በዚህ አላበቃም። በ1923 የአርተር ሮቢሰንን «ጥላዎች» ቀረጸ፤ በእራት ግብዣ መሀል አንድ የጥላ ተጫዋች መጥቶ የእንግዶቹን የተሸሸገ ምኞት ግድግዳ ላይ የሚያወጣበት ፊልም ነው። በ1931 ደግሞ የፍሪትስ ላንግን «ኤም» ቀረጸ። እዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ ኳሷን የምታነጥርበት ምሰሶ ላይ ነፍሰ ገዳዩን ለሚጠቁም ወሮታ የሚያውጅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በጽሑፉ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ያርፍና ልጅቷን በደግ ድምፅ ያናግራታል። ወንጀሉም ወንጀለኛውም በአንድ ሥዕል ውስጥ ናቸው፤ ፊቱ ግን አልታየም። በዚህ ዓይነት ሥራ ከዚህ የተሻለ እስካሁን አልተሠራም ቢባል ማጋነን አይደለም። በእነዚሁ ዓመታት ሎተ ራይኒገር ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ከ1923 እስከ 1926 የደከመችበት «የልዑል አሕመድ ጀብዱ» ለእይታ በቃ፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት ሙሉ ርዝመት ያላቸው የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድራየርም በ1932 «ቫምፒር» ላይ ጥላዎችን ከባለቤታቸው ነጥሎ ብቻቸውን እንዲሄዱ አደረገ።

ከዚያ ስደት መጣ። ሙርናው በ1926 ወደ ሆሊዉድ ተሻገረ፤ «የመጨረሻው ሰው»ንና «ሜትሮፖሊስ»ን የቀረጸው ካርል ፍሮይንድ በ1929 ተከተለው። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ላንግ፣ ቢሊ ዋይልደር፣ ሮበርት ሲዮድማክና ሌሎች ብዙዎች፣ አብዛኞቹ የአይሁድ ዘር ያለባቸው፣ አገር ጥለው ወጡ። ፍሮይንድ በ1931 ለዩኒቨርሳል ኩባንያ ቤላ ሉጎሲ የተጫወተበትን «ድራኩላ» ቀረጸ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ቦሪስ ካርሎፍ የተወነበትን «ዘ ሙሚ» ራሱ አዘጋጀ። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ሆሊዉድ የነበረው ጆሴፍ ፎን ስተርንበርግም በ1932 «ሻንጋይ ኤክስፕረስ» ላይ የማርሌነ ዲትሪኽን ፊት ከላይ በሚወርድ አንድ ብርሃን አበራው፤ ከጉንጯ በታችና ከዓይኗ ሥር ጥላ ተኛ። ካሜራውን የያዘው ሊ ጋርምስ ኦስካር ተሸለመበት። ይህች አንዲት ፊት ከአርባ ዓመት በኋላ በሮክ ታሪክ ውስጥ እንደገና ትነሣለች።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ጥላን ከአስፈሪ ፊልም አውጥተው ወደ ከተማ አስገቡት። ቫል ሉተን የተባለው ፕሮዲዩሰር ለአንድ ፊልም ከ150 ሺህ ዶላር በላይ እንዳያወጣ ተነግሮት ስለነበር፣ በ1942 «ካት ፒፕል» ላይ ዳይሬክተሩ ዣክ ተርነርና የካሜራ ባለሙያው ኒኮላስ ሙሱራካ አውሬውን በጥላ ተኩት። በምድር ቤት መዋኛ ውስጥ ያለች ሴት፣ የሚወዛወዝ የውኃ ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ የሚያልፍ ጥቁር ነገር፣ ባለቤቱ የማይታይ ጉርምርምታ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። በ1944 ቢሊ ዋይልደር በ«ደብል ኢንደምኒቲ» የመስኮት መጋረጃ ሽንሽኖችን ጥላ በሰዎቹ ላይ እንደ እስር ቤት ብረት ዘረጋው። የካሜራ ባለሙያው ጆን ሳይትስ በክፍሉ አየር ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ በትኖ ብርሃኑ አቧራማ እንዲመስል አድርጎ ነበር። ሟች ባልም፣ ኢንሹራንስ ሻጭም፣ አታላይ ሚስትም ከመፈረዳቸው በፊት በጥላ ታስረዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህ ፊልሞች ተጠራቅመው ፓሪስ ሲደርሱ ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ በ1946 «ፊልም ኗር» ማለትም ጥቁር ፊልም አላቸው፤ ስሙም ጸና። ከኗር ባለሙያዎች መካከል ጆን አልተን በ1949 ሙያውን «በብርሃን መቀባት» በሚል ርዕስ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ የሥራው ምሥጢር ግን የትኛውን መብራት ማጥፋት እንዳለበት ማወቁ ነበር።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ካሮል ሪድ በቦምብ በፈራረሰችው ቪየና የቀረጸው «ሦስተኛው ሰው» ወጣ። ሮበርት ክራስከር የድንጋይ መንገዶቹን በውኃ አስረጥቦ፣ ከሩቅ ፓውዛ ለቀቀባቸው። ፖሊሶች አድፍጠው የሚፈልጉትን ሃሪ ላይምን ሲጠብቁ በሕንፃዎቹ ላይ ፎቅ የሚያህል ጥላ ይመጣል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፤ የመጣው ግን ፊኛ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። ጥላ ከሰው በላይ ሊገዝፍ እንደሚችል ሙርናው አሳይቶ ነበር፤ ሪድ ደግሞ ጥላ ሊዋሽ እንደሚችል አሳየ። ክራስከርም ኦስካር አገኘበት። በ1955 የወጣው «ዘ ናይት ኦቭ ዘ ሃንተር» የዘመኑ መዝጊያ ሊባል ይችላል። ተዋናዩ ቻርልስ ሎተን በዳይሬክተርነት የሠራው ብቸኛ ፊልም ነው፤ በመንገድ መብራት ምክንያት በሁለት ሕፃናት መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የሚያርፈው የአንድ ሰባኪ ባለባርኔጣ ጥላ ግን ከእሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ተቀድቷል።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ታሪኩ ከሀ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ብዙ ብርሃን ይሻሉ፤ በየሰው ቤት ያለው ስክሪን ትንሽና ደብዛዛ ነው፤ ስለዚህ ጥላ እንደገና ጉድለት ሆነ። የሚገርመው ጥላን ያባረረው ሰው ማንነት ነው። በ1951 የጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው ኮሜዲ በተመልካች ፊት፣ በሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ይቀረጽ ነበር። ለእያንዳንዱ ካሜራ መብራቱን እየለዋወጡ ማስተካከል ስለማይቻል፣ መብራቶቹን ሁሉ ከላይ ሰቅሎ መድረኩን አለ ጥላ እኩል የሚያበራ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። ዘዴውን የቀየሰው የ«ሜትሮፖሊስ»ና የ«ድራኩላ» የካሜራ ባለሙያ ካርል ፍሮይንድ ነው። ኮሜዲዎች ለብዙ አሠርት ዓመታት በዚሁ አበራር ተቀርጸዋል።

ጥላን ወደ ቴሌቪዥን ከመለሱት መካከል አልፍሬድ ሂችኮክ አለ። ሂችኮክ በወጣትነቱ በ1924 ባቤልስበርግ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራ ሙርናው «የመጨረሻው ሰው»ን ሲቀርጽ በዓይኑ አይቷል። በ1955 የጀመረው የራሱ ፕሮግራም ሲከፈት፣ በጥቂት መስመር የተሣለ የጎን መልኩ ብቻውን ይታያል፤ ከዚያ የወፍራሙ ሰውዬ ጥቁር ምስል ዝግ ብሎ ገብቶ መስመሮቹን ይሞላቸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ የተከተለው የሮድ ሰርሊንግ «ትዋይላይት ዞን» ከኗር ፊልሞች ብዙ ተምሯል። በ1966 ደግሞ ኤቢሲ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ «ዳርክ ሻዶውስ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። አካሄዱ ደካማ ስለነበር በተከታዩ ዓመት ባርናባስ ኮሊንስ የተባለ ደም መጣጭ ተጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት እየሮጡ የሚደርሱለት ፕሮግራም ሆነ። በ1971 እስኪቆም 1,225 ክፍሎች ታይተዋል።

ጥላ ወደ ሮክ የገባው በስም በኩል ነው። የእንግሊዛዊው ዘፋኝ ክሊፍ ሪቻርድ አጃቢዎች «ድሪፍተርስ» ይባሉ ነበር፤ በአሜሪካ ያንኑ ስም የያዘ ቡድን ስለነበር በ1959 የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄት ሃሪስ «ዘ ሻዶውስ» (ጥላዎቹ) የሚል ስም አመጣ። ከዘፋኝ ኋላ ለሚቆሙ ሰዎች ስሙ ልክ ነው። ጥላዎቹ ግን በ1960 «አፓቼ» በተባለው የመሣሪያ ብቻ ዜማ ከፊት ወጡ፤ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ላይ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ የሃንክ ማርቪን ጊታርም የአንድ ትውልድ ጊታሪስቶች መማሪያ ሆነ። በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ ሌላ ዘፋኝን ያጅቡ የነበሩት ቢትልስ እነርሱን በመኮረጅና በመቀለድ መካከል «ክራይ ፎር ኤ ሻዶው» የሚል ዜማ ቀረጹ፤ ሃሪሰንና ሌነን ሁለቱ ብቻቸውን በስማቸው ያስመዘገቡት ብቸኛ ድርሰት ነው።

ሃምቡርግ ለቢትልስ ሌላም ነገር ሰጥታቸዋለች። ጓደኛቸው አስትሪድ ኪርኽሄር የምታነሣቸው ፎቶዎች ፊታቸውን ግማሹን በብርሃን፣ ግማሹን በጨለማ የያዙ ነበሩ። በ1963 ፎቶ አንሺው ሮበርት ፍሪማን በቦርንማውዝ ሆቴል ውስጥ በመስኮት ብርሃን ብቻ ያነሣቸው ምስል የ«ዊዝ ዘ ቢትልስ» አልበም ሽፋን ሆነ። የፖፕ ዘፋኝ ፎቶ ሙሉ ብርሃንና ሙሉ ፈገግታ በነበረበት ዘመን፣ ፈገግ ያላሉ አራት ግማሽ ፊቶች ለገበያ ቀረቡ። ጎልድዊንን ያስደነገጠው ግማሽ ፊት እንግሊዝ ውስጥ በግማሽ ዋጋ አልተሸጠም።

በ1970 ገደማ ጥላ በሁሉም ዘርፍ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ካት ስቲቨንስ ከከተማ መብራት ርቆ ስፔን ውስጥ በጨረቃ የራሱን ጥላ አይቶ «ሙንሻዶው»ን ደረሰ፤ ጥላን እንደ ጓደኛ ከተመለከቱት ጥቂት የዘመኑ ዘፈኖች አንዱ ነው። የበርሚንግሃም ልጆች ቦሪስ ካርሎፍ ከተወነበት የማሪዮ ባቫ አስፈሪ ፊልም የእንግሊዝኛ ርዕስ ስማቸውን ወስደው «ብላክ ሳባት» ተባሉ። በጣልያን በርናርዶ ቤርቶሉቺ «ዘ ኮንፎርሚስት»ን ሠራ። እዚያ አንድ የፋሺስት ሰላይ ከቀድሞ የፍልስፍና መምህሩ ጋር እስረኞች ጥላን እውነት አድርገው ስለሚያዩበት የአፍላጦን ዋሻ ምሳሌ ሲነጋገር፣ ቪቶሪዮ ስቶራሮ ክፍሉን አጨልሞ የሰላዩን ጥላ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል፤ መስኮቱ ሲከፈት ጥላው ይጠፋል። በ1972 በ«ዘ ጎድፋዘር» ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከአናት በላይ ብቻ ስላደረገው የማርሎን ብራንዶ ዓይኖች በቅንድቡ ጥላ ተሸፈኑ። ጥላው የሚከብድ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ሌላ ትወና አያስፈልግም ነበር። የዓመቱ ኦስካር ግን ዊሊስን በእጩነት እንኳ አላሰበውም።

በ1974 ፎቶ አንሺው ሚክ ሮክ ለ«ክዊን» ሁለተኛ አልበም ሽፋን ሲያስብ ያችን የዲትሪኽ የ«ሻንጋይ ኤክስፕረስ» ምስል አገኘ። አራቱን ሙዚቀኞች በጥቁር ዳራ ላይ፣ ከላይ በሚወርድ ብርሃን አነሣቸው፤ ፍሬዲ መርኩሪም እንደ ዲትሪኽ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። በተከታዩ ዓመት ብሩስ ጋወርስ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ለቴሌቪዥን ሲቀርጽ ያንኑ ሥዕል አንቀሳቀሰው፤ በየሳምንቱ በ«ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ታየ፤ ዘፈኑም ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ስተርንበርግ በ1932 የተከለው መብራት በፊልም፣ በአልበም ሽፋንና በቴሌቪዥን ተራ በተራ በርቷል፤ ሦስቱ ዘርፎች እንዲህ በግልጽ የተያያዙበት ሌላ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ዴቪድ ቦዊ በ1976 የሙዚቃ ጉዞው ባለ ቀለም መብራትን ጥሎ፣ ነጭ ብርሃንና ጥቁር መድረክ ብቻ ይዞ ዞረ፤ ምንጩም የ1920ዎቹ የጀርመን ፊልም ነው። ማንቸስተር ውስጥ «ጆይ ዲቪዥን» በ1978 በግራናዳ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የተጫወተው «ሻዶውፕሌይ»ን ነበር። በ1979 ደግሞ ስሙን ከጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወሰደው «ባውሃውስ» ከዘጠኝ ደቂቃ የሚበልጥ «ቤላ ሉጎሲስ ዴድ» የሚል ነጠላ ዜማ አወጣ። ጎቲክ ሮክ የተባለው ፈሊጥ ከዚያ ይቆጠራል። ቶኒ ስኮት በ1983 «ዘ ሀንገር» የተባለውን የደም መጣጮች ፊልም በዚሁ ቡድን ትዕይንት ከፈተው፤ ከተዋናዮቹ አንዱ ቦዊ ነበር።

ኤምቲቪ በ1981 ሲጀምር በየቀኑ ክሊፕ ይፈልግ ስለነበር የድሮው የጀርመን ፊልም ጥሩ መጋዘን ሆነለት። ክዊንና ቦዊ በጋራ ለሠሩት «አንደር ፕሬሸር» ክሊፕ የ«ኖስፌራቱ» ቁርጥራጮች ተቀጠሉ። በ1984 ክዊን «ሬዲዮ ጋ ጋ» ላይ የ«ሜትሮፖሊስ»ን ምስሎች ተጠቀመ፤ በዚያው ዓመት ጆርጆ ሞሮደር ፊልሙን አሳጥሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ የሮክ ዘፈኖች ሞልቶ መልሶ አወጣው። ይህ የሞሮደር ቅጂ ብዙ ሐያስያንን አስቆጥቷል፤ ቁጣቸውም ትክክል ነው፦ ሮትቫንግ የተባለው ሰው ማሪያ የተባለችውን ሴት በዋሻው ውስጥ በባትሪ ብርሃን የሚያሳድድበት፣ ብርሃኑ ራሱ አዳኝ የሚሆንበት ትዕይንት ዘፈን አያስፈልገውም። ያም ሆኖ ፊልሙን ከጊታር ጋር ያወቀው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። «ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ» ለ«አዘርሳይድ» የሠራው ክሊፕ የካሊጋሪን ጠማማ ግድግዳዎችና የተቀቡ ጥላዎች እንዳለ መልሷል።

ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1992 «ድራኩላ»ን ሲሠራ የኮምፒውተር ቅንብርን አልፈቀደም፤ ልጁ ሮማን ኮፖላ ያቀነባበራቸው ዘዴዎች ከሞላ ጎደል በካሜራው ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ድራኩላ በትሕትና ሲያወራ ጥላው ከኋላው የእንግዳውን አንገት ለማነቅ እጁን ይዘረጋል። ድራየር የነጠለው ጥላ እዚህ የባለቤቱን ልብ አሳብቆ ይናገራል።

ዲጂታል ካሜራ በትንሽ ብርሃን መቅረጽ ሲችል የቴሌቪዥን ድራማዎችም ጨለሙ። በኤፕሪል 2019 ኤችቢኦ ያስተላለፈው የ«ጌም ኦቭ ትሮንስ» የሌሊት ጦርነት ክፍል ከሃምሳ በላይ ሌሊት ተቀርጾ፣ ብዙ ተመልካች ምንም አልታየኝም ብሎ አማረረ። የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ቫግነር በስርጭት ላይ የምስሉ መጨመቅና የየቤቱ ቴሌቪዥን አስተካከል ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ተከራከረ። እርግጥ ምስል ሲጨመቅ ቀድሞ የሚበላሸው በጥቁርና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይሁንና ጨለማና ጥላ አንድ አይደሉም። ጥላ ለመውደቅ ብርሃን ይሻል፤ የሙርናው ደረጃ ግድግዳ ደማቅ ነው፤ የሪድ ጎዳናም ያበራል። ይህን የተረዳው ሮበርት ኤልስዊት በ2024 ለኔትፍሊክስ «ሪፕሊ»ን በጥቁርና ነጭ ሲቀርጽ የጣልያንን ደረጃዎች በጠንካራ ብርሃን ቆራርጦ አቀረባቸው፤ በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት ተሰጠው።

በ2024 መጨረሻ ሮበርት ኤገርስ «ኖስፌራቱ»ን እንደ አዲስ ሠርቶ አወጣ። የኦርሎክ እጅ ጥላ በዚህኛው ፊልም በአንዲት ሴት ደረት ላይ ብቻ ሳይሆን በመላው የከተማዋ ጣሪያ ላይ ይዘረጋል። ሥዕሉ ያምራል፤ ነገር ግን ዛሬ ምንም ነገር በኮምፒውተር ሊሠራ እንደሚችል ለሚያውቅ ተመልካች፣ አንድ መብራትና አንድ ግድግዳ የሠሩት የ1922ቱ ጥላ አሁንም ይበልጥ ያስፈራል። አዲሱ ፊልም በ2025 ኦስካር በአራት ዘርፎች ታጨ፤ አንዱ ለያሪን ብላሽኬ የካሜራ ሥራ ነበር። ሽልማቱን የወሰደው ግን «ዘ ብሩታሊስት» ነው።